ኖራ በገበያ፣ አንሃይድራይድ በመጽሐፍ፤ በአንድ የኬሚስትሪ ርዕስ አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ አንሃይድራይድ ለሚለው ርዕስ የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ኢኦርጋኒክ ውህዶች በሚጠኑበት ምዕራፍ፣ ኦክሳይዶች በየዓይነታቸው ሲከፋፈሉ፣ አሲዳማ ኦክሳይድ የአሲድ አንሃይድራይድ፣ ቤዛማ ኦክሳይድ ደግሞ የቤዝ አንሃይድራይድ ተብሎ እንደሚጠራ ይገለጻል። ጥቂት እኩልታዎች ይከተላሉ። ከዚያም ትምህርቱ ወደ አሲዶች፣ ወደ ቤዞችና ወደ ጨዎች ያልፋል። ተማሪው ከርዕሱ ይዞ የሚወጣው አንድ እንግዳ ቃልና ለፈተና የሚጠቅም አንድ የቅነሳ ስሌት ነው።

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚማር ወጣት ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ መርካቶ ሲዘልቅ በሕንፃ ዕቃ መሸጫዎች በር ላይ በከረጢት የተደረደረ ኖራና ጀሶ ያያል። ከባህላዊ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ቢጫው ድኝ አይታጣም። ለመኪና ባትሪ የሚሆን አሲድ ይሸጣል፤ የአምቦ ውሃም በሣጥን ተጭኖ ይወርዳል፣ ይወጣል። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ በክፍል ከተነገረው ቃል ጋር ዝምድና አላቸው። ይሁን እንጂ ተማሪው ዝምድናውን ለይቶ እንዲያውቅ የሚያስችለው ትምህርት አልተሰጠውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የርዕሱን አቀራረብ መርምሮ ጉድለቱንና መሻሻል የሚችልበትን መንገድ ማመልከት ነው። ሂሱ የሚያነጣጥረው በእኩልታዎቹ ትክክለኛነት ላይ ሳይሆን በተመረጠው የማስተማሪያ ስልት ላይ ነው። መሠረታዊው ነጥብ ይህ ነው፤ አንሃይድራይድ የአንድ ዕቃ ስም ሳይሆን በአንድ ነገርና በውሃ መካከል ያለ ግንኙነት ስም ነው። ግንኙነቱ ሳይታወቅ ስሙ ብቻ ሲሸመደድ የሚደርሰው ጉዳት በፈተና ውጤት ላይ ብቻ የሚቆም ሳይሆን እስከ ሠራተኛው ዓይንና እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ የሚዘልቅ ነው።

የቅነሳው ስሌትና ወሰኑ

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ውሃ የሌለው» የሚል ትርጉም አለው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጠው ደንብ ከዚሁ የተቀዳ ነው። ከሰልፈሪክ አሲድ አንድ የውሃ ሞለኪውል ሲቀነስ ሰልፈር ትሪኦክሳይድ፣ ከካርቦኒክ አሲድ ሲቀነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። ናይትሪክ አሲድ በሞለኪውሉ ውስጥ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ብቻ ስላለው፣ ሁለት ሞለኪውሎች ተወስደው አንድ ውሃ ሲቀነስ ዳይናይትሮጅን ፔንታኦክሳይድ ይገኛል። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው። ለመምህሩም ለፈታኙም ይመቻል። ይህ ጥቅሙ ሊካድ አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ደንቡ ከወረቀት ላይ ስሌትነት አልፎ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ሲቀርብ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ደንቡ የሚሠራው ኦክስጅን ላላቸው አሲዶች ብቻ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላቯዝየ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1810 ዴቪ ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን በማመልከቱ፣ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚባለው አሲድ ኦክስጅን እንደሌለው ታወቀ። ኦክስጅን የሌለው አሲድ ውሃ ሊቀነስለት አይችልም። ይህ ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነገር ተማሪው የደንቡን ድንበር ባወቀ ነበር። በተለመደው አቀራረብ ግን ድንበሩ ሳይነገር ይታለፋል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ከፎርሚክ አሲድ አንድ ውሃ ሲቀነስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ከፎርሚክ አሲድ ውስጥ ውሃውን ሲነጥቅ በእርግጥ የሚወጣው ይኸው ጋዝ ነው። ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዲሁ ከውሃ ጋር ቢገናኝ አሲድ አይሆንም። ስለዚህ መጽሐፉ ከገለልተኛ ኦክሳይዶች ይመድበዋል። ስሌቱ «አንሃይድራይድ ነው» ሲል ምድቡ «አይደለም» ይላል፤ የሁለቱ አለመግባባት ግን በክፍል ውስጥ አይነሳም። ቢነሳ ኖሮ ትምህርቱ ከሕይወት ጋር በተገናኘ ነበር። ድኝ ሲነድ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በዓይንና በአፍንጫ እርጥበት ላይ አሲድ ስለሚሆን ያቃጥላል፤ ሰውየውም ሳይወድ በግዱ ይሸሻል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተቀጣጠለ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ አያቃጥልም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። አንዱ ኦክሳይድ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሌላው ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት በዚህ ርዕስ ውስጥ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ተማሪው ሁለቱን የሚያውቃቸው በሁለት ረድፍ የተጻፉ ስሞች አድርጎ ነው።

አንድ ቃል፣ ሦስት ነገሮች

ከዚህ በላይ የተባለው የመጽሐፉን ውስጣዊ ጉድለት የሚመለከት ነው። ዋናው ጉድለት ግን በመጽሐፉና በገበያው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ኖራ ነው።

በአማርኛ «ኖራ» የሚለው ቃል በኬሚስትሪ ሦስት የተለያዩ ውህዶችን ያጠቃልላል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ተቃጥሎ የሚገኘው፣ ውሃ ያልነካው ኖራ፣ ካልስየም ኦክሳይድ ነው። ይህ የቤዝ አንሃይድራይድ ነው። ውሃ ጠጥቶ ዱቄት ወይም ሊጥ የሆነው፣ ግድግዳ የሚቀባበትና ከአሸዋ ጋር የሚቦካው ኖራ፣ ካልስየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሲዳማ አፈርን ለማከም በማሳ ላይ የሚበተነው የእርሻ ኖራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልስየም ካርቦኔት ነው። ገዥም ሻጭም ሦስቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ይህ የሕዝቡ ጥፋት አይደለም፤ ቃሉ ከኬሚስትሪ በፊት የነበረ ቃል ነውና። ልዩነቱን መግለጽ የትምህርት ቤት ሥራ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ሥራ አልሠራም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው የሚማረው የውጭ ስሞችን ነው። ካልስየም ኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ካልስየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል የሚለውን እኩልታ አስተካክሎ ይጽፋል። ይኸው ነገር በመርካቶ ተሸካሚ ትከሻ ላይ ያለው ከረጢት ሊሆን እንደሚችል ግን አይነገረውም። በዚህም ምክንያት የገበያው ቃል ልዩነቱን ሲሰውር፣ የመጽሐፉ ቃል ደግሞ ዕቃውን ይሰውራል። ተማሪው በሁለቱ መካከል ባዶ እጁን ይቀራል።

የልዩነቱ ክብደት በቁጥር ሊታይ ይችላል። አንድ ኪሎ ግራም ካልስየም ኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ወደ 1,150 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይለቅቃል። ይህ ሙቀት ሳይባክን ቢያዝ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ግን ውሃ ቢፈስበት አይሞቅም። ስለዚህ «ኖራ ነው» ተብሎ ብቻ የተነገረው ሰው በእጁ የያዘው የሚፈላ ይሁን የማይፈላ ሊያውቅ አይችልም። ላብ ባረጠበው ቆዳ ላይ ወይም በዓይን ውስጥ የገባ ያልጠጣ ኖራ በሙቀቱም በቤዝነቱም ያቃጥላል። ውሃ የጠጣው ኖራ ሙቀቱን ቀደም ብሎ ስለለቀቀ አይፈላም፤ ነገር ግን ጠንካራ ቤዝ ስለሆነ እርሱም ለዓይን አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ በግማሽ የተማረ ሰው ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አለ። «ኖራ ከውሃ ጋር ይሞቃል» የሚለውን ብቻ የያዘ ተማሪ፣ ዓይኑ ውስጥ ኖራ የገባበትን ሰው በውሃ ማጠብ አይገባም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ትክክለኛው ርዳታ ከዚህ የተለየ ነው። በቆዳና በልብስ ላይ ያለው ደረቅ ዱቄት በቅድሚያ ይራገፋል፤ ከዚያም የተነካው አካል በብዙ ወራጅ ውሃ ይታጠባል። ዓይን ከሆነ ጊዜ ሳይባክን ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ታጥቦ ሰውየው ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ምክንያቱም ብዙ ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ቤዙንም ያቀጥናል። አደገኛው ጥቂት እርጥበት ነው። ይህ የመጠንና የሙቀት ጉዳይ የኬሚስትሪ ትምህርት እንጂ የሌላ ትምህርት ድርሻ አይደለም።

ከአንድ ድንጋይ ሁለት አንሃይድራይድ

ኖራ ለዚህ ርዕስ ዋና ምሳሌ ሊሆን የሚገባው በአደጋው ምክንያት ብቻ አይደለም። የርዕሱን ሐሳብ በሙሉ በአንድ ዑደት ውስጥ ስለሚያሳይም ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ለሁለት ይከፈላል። ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ግራም ካልስየም ኦክሳይድ በእቶኑ ውስጥ ይቀራል፤ 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። የቀረው የቤዝ አንሃይድራይድ፣ የወጣው የአሲድ አንሃይድራይድ ነው። 56 ኪሎ ግራሙ 18 ኪሎ ግራም ውሃ ሲጠጣ 74 ኪሎ ግራም ካልስየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ይህ በአሸዋ ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ፣ ከአየር 44 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ፣ የጠጣውን 18 ኪሎ ግራም ውሃ መልሶ እየለቀቀ፣ ወደ 100 ኪሎ ግራም ድንጋይነቱ ይመለሳል። የተለያዩት ሁለት አንሃይድራይዶች በግድግዳው ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። ውሃው ሁለቱን ያገናኘ አማላጅ ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል።

የጎንደር አብያተ መንግሥት ለዚህ ምስክር ናቸው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 በነገሡበት ዘመን የጀመሩትና ተከታዮቻቸው ያስፋፉት የፋሲል ግቢ ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነው። ግንቡ ለዘመናት የቆመው የግንበኞቹ ሙያ፣ በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲነገር፣ ከላይ የተገለጸውን ዑደት ጠንቅቆ ያወቀ ሙያ ስለነበረ ነው። ተማሪው የጎንደርን ግንብ በታሪክ መጽሐፍ፣ ካልስየም ኦክሳይድን በኬሚስትሪ መጽሐፍ ያገኛቸዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ገጽ ግን የለም።

ዑደቱ ለእርሻም ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአፈር አሲዳማነት የተጎዳ መሆኑ በተደጋጋሚ ተገልጿል፤ የጎጃምና የወለጋ ደጋማ ወረዳዎች በዚህ ይታወቃሉ። ካልስየም ካርቦኔት በዝግታ፣ የተቃጠለው ኖራ ግን በፍጥነትና በኃይል አሲድን ያከሽፋሉ። ከላይ በተሰጠው ስሌት መሠረት 56 ኪሎ ግራም የተቃጠለ ኖራ የ100 ኪሎ ግራም የድንጋይ ዱቄት ሥራ ይሠራል። ሦስቱን ኖራዎች የማይለይ የገበሬ ልጅ ይህን ስሌት ከየት ያመጣዋል?

ሊምታቱ የሚችሉ ጉዳዮች

የአቀራረቡ ጉድለት ኖራን በመተው ብቻ አያበቃም። ተመሳሳይ የሚመስሉ ነገሮችን ባለመለየትም ይታያል። ከኖራ ጎን የሚሸጠው ጀሶ ለዚህ ምሳሌ ነው። ጂፕሰም የሚባለው ድንጋይ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣል፤ ጀሶ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ውሃ ሲመለስለት ይሞቃል፣ ይጠነክራል። ጠባዩ ኖራን ይመስላል፤ አንሃይድራይድ ግን አይደለም። በጂፕሰም ውስጥ ያለው ውሃ ሞለኪውሉ ሳይፈርስ በክሪስታሉ ውስጥ የተቀመጠ ነው። በኖራ ውስጥ ግን የውሃው ሞለኪውል ራሱ ተከፍሎ የአዲሱ ውህድ አካል ይሆናል። ውሃው የወጣለት ጨው ሌላ፣ አንሃይድራይድ ሌላ ነው። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ ልዩነቱ በግልጽ ካልተነገረ ተማሪው አንድ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

ሌላው የድኝና የባትሪ አሲድ ጉዳይ ነው። «የሰልፈሪክ አሲድ አንሃይድራይድ ሰልፈር ትሪኦክሳይድ ነው» የሚለውን የያዘ ተማሪ፣ ድኝ ነድዶ ጢሱ ውሃ ውስጥ ቢገባ የባትሪ አሲድ የሚገኝ ይመስለዋል። ድኝ ሲነድ የሚሰጠው በዋናነት ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ነው፤ ይህም የደካማው የሰልፈረስ አሲድ አንሃይድራይድ ነው። ወደ ትሪኦክሳይድ ለመለወጥ በፋብሪካ ውስጥ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ቫናዲየም ፔንታኦክሳይድ የተባለ አፋጣኝ ያስፈልጋል። ትሪኦክሳይዱም ቢሆን በቀጥታ ከውሃ ጋር አይቀላቀልም፤ ሙቀቱ ኃይለኛ ስለሆነ በቀላሉ የማይያዝ የአሲድ ጉም ይፈጥራል። ስለዚህ በቅድሚያ በተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ በኋላ በውሃ ይቀጥናል። መጽሐፉ «ትሪኦክሳይድ ሲደመር ውሃ» ብሎ በአንድ መስመር ያስቀመጠው ሥራ በኢንዱስትሪ ውስጥ በዚያ መልክ አይሠራም። በአዋሽ መልካሳ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ባለባት አገር ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ የሚያሳዝን ነው።

የኦርጋኒክ አንሃይድራይዶች ሁኔታም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ከሁለት የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች አንድ ውሃ ሲወጣ አሴቲክ አንሃይድራይድ ይገኛል። ይህን ውህድ እ.ኤ.አ. በ1852 ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ዠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን በባየር ኩባንያ አስፕሪንን ንጹሕ አድርጎ የሠራው በዚሁ አንሃይድራይድ ነው። አንሃይድራይዱ ከፊል አካሉን ለሳሊሲሊክ አሲድ ሰጥቶ ቀሪው አሴቲክ አሲድ ሆኖ ይወጣል። እርጥበት ያገኘው የአስፕሪን እንክብል ውሎ አድሮ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ውሃው ገብቶ አሴቲክ አሲዱን ስለሚለየው ነው። ደንቡ በኖራ ላይ ከሚሠራው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን ሁለቱን በተለያዩ ምዕራፎች አስቀምጠው እርስ በርስ አያስተዋውቋቸውም።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሂስ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሱ ይችላሉ። አንደኛው የገበያ ዕቃ በትምህርት ውስጥ ሲገባ የሳይንሱ ደረጃ ዝቅ ይላል የሚል ነው። ከላይ የተሰጠው የ100፣ የ56፣ የ74 ስሌት የሚጠይቀው ችሎታ ግን ከተለመደው የቅነሳ ስሌት የላቀ ነው። ምሳሌው የታወቀ መሆኑ ሐሳቡን ቀላል አያደርገውም፤ ተጨባጭ ያደርገዋል እንጂ።

ሁለተኛው ቤተ ሙከራና መሣሪያ የለም የሚል ነው። ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶች እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚወጣው አረፋ፣ ካርቦኒክ አሲድ ወደ አንሃይድራይዱና ወደ ውሃ ሲመለስ የሚታይበት ነው። ውሃ የጠጣ ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ከጠለለ በኋላ ከላይ የሚቀዳው ጥሩ ውሃ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ከጠርሙሱ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወደዚህ ውሃ ሲገባ ያደፈርሰዋል፤ የሚታየው ነጭ ድፍርስ የጎንደርን ግንብ ያያያዘው ውህድ ነው። በእንጀራ ላይ ያለው ዓይንም ቡሆው ሲቦካ የተፈጠረው የዚሁ ጋዝ መውጫ ነው።

ሦስተኛው ኖራ ለክፍል አደገኛ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለሆነም ያልጠጣ ኖራ ለተማሪ እጅ ሊሰጥ አይገባም። መምህሩ ራሱ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ በማንኪያ ጫፍ የሚያዝ መጠን ብቻ ወስዶ፣ ተማሪዎቹን አርቆና የመታጠቢያ ውሃ አዘጋጅቶ ሊያሳይ ይገባዋል። ይህ የማይቻል ከሆነ ሙከራው ይቅር፤ አደጋው ግን በቃል ሳይነገር አይታለፍ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ኖራ የሚሸከመው ሰው የዓይን መከላከያ የለውምና።

መደምደሚያ

አሁን ያለው አቀራረብ በእኩልታ ረገድ ትክክል፣ በትምህርት ረገድ ግን ጎደሎ ነው። ለማስተካከል አዲስ ምዕራፍም ሆነ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም። የምሳሌዎቹ ቅደም ተከተል ቢለወጥ፣ ኖራ በዋና ምሳሌነት ቢገባ፣ የቅነሳው ደንብ ከነድንበሩ ቢነገር፣ የአማርኛው ቃል ሦስቱን ውህዶች እንደሚያጠቃልል በመምህሩ መምሪያ ውስጥ በግልጽ ቢሰፍር በቂ ነው። ፈታኞችም «የእገሌ አሲድ አንሃይድራይድ የቱ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በሁለት ከረጢቶች ኖራ አለ፤ የትኛው ውሃ እንደጠጣ በምን ይታወቃል?» ብለው ቢጠይቁ መምህሩ ትምህርቱን ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም።

የሥርዓተ ትምህርት ሥራ ኃላፊነት ዕውቀትን መዘርዘር ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ የሚያገለግልበትን ቦታ ማሳየትም ነው። አንሃይድራይድ የሚለውን ቃል በቃሉ የሚያነበንብ፣ ነገር ግን በአባቱ ሱቅ ውስጥ ካሉት ከረጢቶች የትኛው ከዝናብ መጠበቅ እንዳለበት የማያውቅ ተማሪ ርዕሱን ተምሯል ማለት አይቻልም።